እሺታና የዓሣዎቹ ማሞቂያ

የእህቴ ባል ፀጉር አስተካካይ ነው። የሰፈሩ ሰው እሺታ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከእህቴና ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም ብሆን አንዳንድ ቀን ይጠፋብኛል። እሺታ የተባለው እምቢ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው። እህቴን ሊጠይቅ አባታችን ዘንድ የመጣ ዕለት፣ አባታችን "ቤት አለህ?" ቢሉት "እሺ" አለ። "ታዲያ እንዴት ልታኖራት አስበሃል?" ቢሉት "እሺ" አለ። አባታችን ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ "ይህ ልጅ ጆሮው ይሰማል?" አሉኝ። ይሰማል። ችግሩም መስማቱ ነው።

ይህን ጠባይ ያመጣው ከሙያው ነው። ገና ለጋ ሳለ ሥራውን ያስተማሩት ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ አንገቱን ሰጥቶህ ከተቀመጠ ሰው ጋር አትከራከር። አንተ ከተናደድክ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ከተናደደ አንገቱ ይዞራል። በሁለቱም መንገድ የሚደማው እሱ፣ የሚከስረው አንተ" አሉት። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ለምላጭ ጥሩ ነው። እሺታ ግን ምላጩን ካስቀመጠም በኋላ፣ ሱቁን ከዘጋም በኋላ፣ ቤቱ ገብቶ ጫማውን ካወለቀም በኋላ ዓለሙን ሁሉ አንገቱን ሰጥቶት እንደተቀመጠ ደንበኛ ያየዋል። "እሺ ይበልጣል ከሺህ" ይባላል። ይህን ተረት ያወጣው ሰው የእህቴን ባል ሳያገኘው ሞቷል።

ፀጉር ቤቱ አንዲት ክፍል ናት። በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል። ግድግዳው ላይ ጥጉ የተሰነጠቀ ሰፊ መስታወት፣ ከመስታወቱ በላይ ረጅም ነጭ መብራት፣ ፊት ለፊቱ አንድ ከፍና ዝቅ የሚል ወንበር አለ፤ "ከፍ" የሚለው ከተበላሸ ቆይቷል። በቀኝ በኩል ተራ መጠበቂያ አግዳሚ አለ፤ የአግዳሚው የበር ጥግ የእኔ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። እኔ ፊደል የለየሁት ልጆቼ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ፣ ከእነሱ ደብተር ላይ ነው። ስለዚህ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም፤ የጥርስ ሳሙና ቱቦም ቢሆን።

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ፀጉር ቤት ሲከፈት የእሺታ ደንበኞች አንድ በአንድ መሻገር ጀመሩ። የማዶው ወንበር እንደ አልጋ ይዘረጋል፤ ጭንቅላት በሞቀ ውሃ ይታጠባል፤ ትከሻ ይታሻል። እሺታ በሩ ላይ ቆሞ የድሮ ደንበኞቹ ሲገቡና ሲወጡ እያየ፣ "አምሮባቸዋል" ይላል። የምር ነው የሚለው። ያን ጊዜ እኔ ጋዜጣዬን አጥፌ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ አለበለዚያ የማይሆን ነገር እናገራለሁ።

መላ የመጣላት ለእህቴ ነው። ጥርሷን ልትነቀል ሄዳ በሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ዓሣዎች የሚዋኙበት የመስታወት ገንዳ አየች። ሲያለቅሱ የገቡ ሕፃናት ሁሉ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው ዝም ሲሉ ተመለከተች። ከሰነበተች በኋላ አንድ ያገለገለ ገንዳ አፈላልጋ አመጣችና የመቁረጫው ወንበር ፊት ለፊት፣ ከመስታወቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ባለ መስመር ትንንሽ ዓሣዎች፣ ጭራቸው ቀይ የሆኑ ሌሎች፣ አንድ ደግሞ ጥቁር፣ አስቀያሚ፣ አፉ ዙሪያ ጢም የመሰለ ነገር ያበቀለ ዓሣ ጨመረችበት። ይህ የመጨረሻው ቀኑን ሙሉ በአፉ መስታወቱን ሙጥኝ ብሎ ይውላል። ልጆቹ ጢሞ አሉት። እዚያ ሱቅ ውስጥ ገብቶ ጢሙን ሳይላጭ የከረመ እሱ ብቻ ነው።

እህቴ አልተሳሳተችም። ልጅ ማስቆረጥ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል፤ እናት ትይዛለች፣ ልጅ ይወራጫል፣ ቶንዶዙ ገና ድምፁን ሲያሰማ ሰፈሩ በጩኸት ይናጋል። እሺታ ዘንድ ግን ልጁ ዓይኑን ጢሞ ላይ ተክሎ እንደ ሐውልት ይቀመጣል። ወሬው ተዛመተ። እናቶች ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። የማዶው ፀጉር ቤት አዋቂውን ወሰደ፣ እሺታ ልጆቹን ያዘ። ቤቱ የሚበላው፣ ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ወዲህ በጢሞና በባልንጀሮቹ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ ብርዱ ገባ።

እነዚህ ዓሣዎች የሞቃት አገር ፍጥረቶች ናቸው። ውሃቸው ሃያ አምስት ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ አይበሉም፣ አይዋኙም፣ ቀለማቸው ይገረጣል። ባለ መስመሮቹ ከገንዳው ጥግ ተሰብስበው ክንፋቸውን አጣብቀው ቆሙ። እህቴ ቴርሞሜትሩን አይታ፣ "ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል" አለች። በዚህ ላይ ማንም አልተጣላም። ጣጣው የጀመረው የትኛው ማሞቂያ ሲባል ነው።

ሾፌሩን ማስተዋወቅ ያለብኝ እዚህ ላይ ነው። ታክሲ ይነዳል። ማዶ ሳይሻገር ከቀሩት ጥቂት አዋቂ ደንበኞች አንዱ ነው፤ የቀረውም ማዶ ላይ የሚያዳምጠው ስለሌለ ይመስለኛል። የማያውቀው ነገር የለም። እሺታ አንገቱ ላይ ጨርቁን ሲያስርለት ምክሩ ይጀምራል፣ ጨርቁን ሲያራግፍ ያበቃል፤ አንዳንዴም አያበቃም።

"ስማኝ እሺታ፣" አለ፣ "ዓሣ ማለት እኮ ጣት የምታክል ነገር ናት። ለጣት የሚሆን ማሞቂያ ግዛ፤ ትንሿን። ለምን ትከስራለህ?"

"እሺ" አለ እሺታ።

"የሚሞቀው ዓሣው አይደለም፣ ውሃው ነው" አልኩ ከጥጌ።

"ጋሼ ደግሞ!" አለ ሾፌሩ በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ። "ዓሣው ሞቆት ውሃው ቢበርደው ማን ግድ አለው?"

ትንሿ ተገዛች። የጣት ውፍረት ያላት የመስታወት ዘንግ ናት፤ ውስጧ የተጠመጠመ ሽቦ፣ አናቷ ላይ ሙቀቱን የሚመጥን ቁልፍ አላት፤ ስትሠራ ቀይ መብራት ታበራለች፤ ውሃው የታዘዘውን ያህል ሲሞቅ መብራቱ በራሱ ይጠፋል። ይቺኛዋ መብራቷ አልጠፋም። ሌት ተቀን ስትለፋ ሰንብታ ውሃውን ንቅንቅ አላደረገችውም። በኩራዝ አዳራሽ እንደማሞቅ ነበር።

"አላልኩህም?" አለ ሾፌሩ ተመልሶ ሲመጣ። ያለው የዚህን ተቃራኒ እንደነበር ለማስታወስ አፌን ብከፍት፣ "ትልቅ ሞተር ያለው መኪና ዳገት አይፈራም! ለግላጋውን፣ ሦስት መቶ ዋቱን ግዛና ተገላገል" ሲል ቀደመኝ።

"እሺ" አለ እሺታ።

"አንተ ሰውዬ፣" አልኩት ሾፌሩ ከወጣ በኋላ፣ "እሺ የምትለው ስለምታምነው ነው ወይስ ስለማታምነው?"

"ጋሼ፣ ደንበኛ እኮ ነው።"

"የፀጉር ደንበኛ ነው! የዓሣ ደንበኛ ነው እንዴ?"

"እሺ፣ አንተ እንዳልክ" አለኝና በነጋታው ሦስት መቶ ዋቱን ገዝቶ መጣ።

የሦስት መቶ ዋቱን ታሪክ በአጭሩ ልናገር፣ ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት የገንዳው ውሃ ገላ መታጠቢያ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ባለ መስመሮች ተገልብጠው ተንሳፍፈዋል፤ ጢሞ እላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። እሺታ ደንግጦ ማሞቂያውን ከነሽቦው ከውሃው መዘዘና እርጥብ ፎጣ ላይ አጋደመው። ዘንጉ ጧ! ብሎ ለሁለት ተሰነጠቀ። ያን ሁሉ ያደረገው ከሶኬቱ ሳይነቅል ነው። ኤሌክትሪኩ እጁን አልያዘውም፤ ለምን እንዳልያዘው ፈጣሪ ያውቃል፤ እሱም ለእሺታ "እሺ" ብሎት ይሆናል። እህቴ ወገቧን ይዛ፣ "ዓሣን መብላት በብልሃት ይባላል፤ እኔ ባሏን ማኖርም በብልሃት የሆነባት ሴት ነኝ" አለች።

ለሦስተኛው ማሞቂያ ራሴ ተነሣሁ። ጡረታ እስክወጣ የቀለምና የዘይት መጋዘን ጠባቂ፣ በኋላም ንብረት ኃላፊ ነበርኩ፤ ዕቃ ስንት እንደሚይዝ ሳላውቅ ዕቃ አልገዛም። ገንዳው ሲሞላ ስንት ጀሪካን ውሃ እንደገባበት እህቴን ጠየቅኋት። ሦስት። ስድሳ ሊትር ነው ማለት ነው። ይህን ይዤ ሁለቱም ማሞቂያዎች የተገዙባት ዓሣ ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ሱቋ በገንዳ ተከቦ ከወለል እስከ ጣሪያ ይንቦጫቦጫል፤ እሷ ራሷ እጅጌዋን እስከ ክንዷ ጠቅልላ ጎንበስ ቀና ትላለች፤ ትዕግሥቷ ጥቂት ነው፤ እኔም የምወዳት ለዚያ ነው።

"አባባ፣" አለችኝ ገና ሳልቀመጥ፣ "እናንተ ቤት የሚረባው ዓሣ ነው ወይስ ማሞቂያ?"

"ስድሳ ሊትር ውሃ፣" አልኳት፣ "በሩ ቀኑን ሙሉ የማይዘጋ ክፍል፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ምን ይሆነዋል?"

ቀና ብላ አየችኝ። "እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ሁሉም የሚለው 'ደህናውን ስጪኝ' ነው። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ብለው ያስቡት፤ በሩ ክፍት ከሆነ ትንሽ ይጨምሩበት። ሰባ አምስት ይበቃዎታል።"

"ትልቁ ለምን ቀቀላቸው?"

"የሚያጠፋው ነገር ተጣብቆበት ነው። ትንሽዋም ልትጣበቅ ትችላለች፤ ግን ቀስ ብላ ስለምታሞቅ ሳትደርሱ አትቀቅልም። ትልቁ ቁርስ በልታችሁ እስክትመለሱ ሾርባ ያደርጋቸዋል።"

ሰባ አምስት ዋቱን ይዤ መጣሁ። በሳጥኑ ውስጥ የነበረችውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። ከመሰካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆይ ትላለች፤ አቆየሁት። ውሃ በሚንቀሳቀስበት በኩል ይሁን ትላለች፤ የአየር ቱቦው አጠገብ አደረግሁት። ከውሃ ከመውጣቱ በፊት ይነቀል የሚለውን ለእሺታ ሁለቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቀዩ መብራት በራ። በማግስቱ ጠዋት ቴርሞሜትሩ ሃያ አምስት አለ። ባለ መስመሮቹ ተበታትነው ይጫወታሉ። ጋዜጣዬን ዘረጋሁ። በዚያ ጠዋት ከእኔ የበለጠ የረካ ሰው በከተማው ውስጥ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ዓሣዎቹ ጥጋቸውን ይዘው ክንፋቸውን አጣብቀዋል። ቴርሞሜትሩ አሥራ ዘጠኝ።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጠዋት ሞቃት፣ ማታ ቀዝቃዛ። ማስተካከያውን ከፍ አደረግሁ፤ ያው ነው። ቀዩ መብራት አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ አየዋለሁ፤ መብራቱ ጠፋ ማለት ደግሞ ውሃው ሞቋል ማለት ነው ይላል ወረቀቱ። እጄን ብከት ይቀዘቅዛል። ወረቀት ይዋሻል እንዴ?

"ሰባ አምስት!" ይላል ሾፌሩ ጢሙ በአረፋ ተሸፍኖ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መቶ ሃምሳ ነበር። እኔ ሳልጠየቅ እንዴት ተገዛ?"

"እሺ" ይላል እሺታ።

"ሂድና ግዛ አሁንም!" አልኩት። "ማሞቂያ እየገዛህ ግድግዳ ሥራበት!"

"እሺ፣ ጋሼ፤ አትቆጣ።"

"ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ይላሉ። እሱ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ሁሉንም እሺ እያለ ነው መከራ የሚመክረው።

ጢሞ መዳከም ጀመረ። መስታወቱን ሙጥኝ ማለቱን ትቶ ከገንዳው ወለል ላይ ተጋደመ። ቀለሙ አመድ መሰለ። ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እናት ጉንጫም ልጇን ይዛ መጣች፤ ፀጉሯን ለመቆረጥ ከዚህ ሱቅ በቀር የትም የማትቀመጥ ልጅ ናት። ወንበሩ ላይ ወጥታ ተመቻቸችና ወደ ገንዳው አየች።

"ጢሞ የት ሄደ?"

"ያውና፣ ከታች" አላት እሺታ።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። "ሞቷል?"

"ኧረ ተኝቶ ነው።"

"ዓይኑ ተከፍቶ?"

የልጅቱ ለቅሶ መጣ፤ እንደ ድሮው ሰፈር የሚያናጋው ዓይነት። እየተወራጨች ግማሹ ፀጉሯ ተቆርጦ ግማሹ ቀረ። እናትየዋ ልጇን አቅፋ ስታባብል፣ በተከፈተው በር በኩል ማዶ ያለውን ፀጉር ቤት ቀና ብላ ስታይ አየኋት። እሺታም አይቷታል። መቀሱን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ "እሺ" ሲል እንዲህ ያለ ፊት አይቼበት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ዓሣ ሻጯ ዘንድ ሄጄ በቁጣ ነገሩን ዘረዘርኩላት። አላቋረጠችኝም።

"ስትከፍቱ ይሞቃል?"

"ይሞቃል።"

"ስትዘጉ ይቀዘቅዛል?"

"ይቀዘቅዛል።"

"አባባ፣ ማሞቂያው ሰዓት አያነብም። ቀን ቀን የሚያደርገው ሰው አለ። እዚያው ፈልጉት።"

ማታ ይህን ለእህቴ ስነግራት፣ "እኔስ ምን ስላችሁ ነበር?" አለች። "ሰኞ ሰኞ ሱቁ ተዘግቶ ወለል ሳጥብ ዓሣዎቹ እንደ ጉድ ይጫወታሉ። ጫጫታ ስለሌለ ነው አላችሁኝ። አሁን ወንድም ጋሼ፣ ተወው፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።"

"ይውጣ" አልኳት። "ዘንዶውን አየዋለሁ።"

እሑድ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው። ሱቁ ሲከፈት ጥጌን ያዝኩ፤ ጋዜጣዬን ግን አልዘረጋሁም። በዚያ ሱቅ ውስጥ የመብራት ጉዳይ እንዲህ ነው፦ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አንድ ነው፤ እሱ ላይ ባለ ሦስት ቀዳዳ ማከፋፈያ ተሰክቷል፤ አንዱ ለቶንዶዙ፣ አንዱ ከመስታወቱ በላይ ላለው መብራት፣ አንዱ ለማሞቂያው። ከዚህ በፊት ሰፋ ያለ ማከፋፈያ ሞክረን አራተኛ ነገር ስንሰካ ፊውዙ ተቃጥሎ አንድ ሰውዬ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ በጨለማ ቁጭ ብሏል። የቤቱ ባለቤት ያን ጊዜ ሽቦው አሮጌ መሆኑን ነግሮን፣ "ከሦስት በላይ ብትሰኩ ቁልፌን አምጡ" ብሎናል።

ሱቁ በሰው ሞልቶ እሺታ ከዓይኔ ሲጋረድ ሲገለጥ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ገባ። ጨርቁ ታሰረለት። አረፋው ተቀባ። ምክሩ ተጀመረ።

"ችግሩ ግልጽ ነው" አለ። "ሰባ አምስቱ ደካማ ነው። ውሃው ቀን ቀን የሚቀዘቅዘው ማሞቂያው ስለሚደክመው ነው።"

"እሺ" አለ እሺታ።

ቀዩን መብራት አየሁ፤ ጠፍቷል። ተነሥቼ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ፤ ይቀዘቅዛል። የማሞቂያውን ሽቦ በጣቴ ይዤ ተከተልኩት። ከገንዳው ጀርባ ወረደ፣ ከመደርደሪያው ሥር ዞረ፣ ማከፋፈያው ዘንድ ደረሰ፤ ከማከፋፈያው አጠገብም ራሱን ወለሉ ላይ አጋድሞ ተኝቷል። በማሞቂያው ቀዳዳ ውስጥ ሌላ ነገር ተሰክቷል። ያንንም ሽቦ ተከተልኩ። ወደ ላይ ወጣ፣ በመስታወቱ ሥር አለፈ፣ ከአልኮሉ ጠርሙስ አጠገብ ካለ ስልክ ላይ አበቃ።

"ይህ የማነው?"

"የኔ ነው ጋሼ፤ እንዳትነቅለው፣ ገና ሃያ ነው" አለ ሾፌሩ።

"እሺታ! ማሞቂያውን ማን ነቀለው?"

"እኔ ነኝ። ስልኩ ሞቶበት መጣ። ለአምስት ደቂቃ ብሎ ነው።"

"ትናንትስ?"

"ትናንት... የሕፃኗ እናት። እሷም ለትንሽ ነው ያለችው። ከዚያ በፊት አንድ ተማሪ ነበር። ሁሉም ለአምስት ደቂቃ ነው የሚሉት ጋሼ፤ አንዱ ሲነቅል ሌላው ይሰካል፤ ማታ ስዘጋ ማሞቂያውን መልሼ እሰካዋለሁ። ቶንዶዙን ልንቀል? ስሠራ መብራቱን ልንቀል? ያ ቀዩ መብራት ደግሞ ጠፍቶ ሳየው፣ ሞቋል ማለት ነው ስትል ሰምቼ፣ እንግዲያው ቢነቀልም ሙቀቱን ይይዛል ብዬ..."

"ያ የሻይ ፔርሙስ ነው እንዴ!"

"እሺ ጋሼ።"

ሾፌሩ በአረፋው ውስጥ ሆኖ፣ "ታዲያ ስልክ ሲሰካበት የሚነቀል ማሞቂያ ምን ማሞቂያ ነው? እኔ እኮ ከመጀመሪያው ጥራት የለውም ብያለሁ" አለ።

ስልክ እኔም አለኝ። ባለ ቁልፍ ናት፣ አንዴ ስትሞላ እንደ ግመል ሳምንት ትሄዳለች፤ የሰው ቤት ገብታ የዓሣ ቀዳዳ ለምና አታውቅም። ይህን ልናገር አሰብኩና ተውኩት። ስልኩን ነቅዬ ማሞቂያውን ሰካሁ። ቀዩ መብራት በራ። ሾፌሩ "ጋሼ!" ሲል አልሰማሁትም።

ሁሉ ከወጣ በኋላ እሺታን ወንበሩ ላይ፣ በደንበኛው ቦታ፣ አስቀመጥኩት።

"እንግዲህ ተማር። እኔ ደንበኛ ነኝ። 'ስልኬን ሰካልኝ' እልሃለሁ። አንተ 'አይሆንም' ትላለህ።"

"እሺ።"

"'እሺ' አይደለም፣ 'አይሆንም'!"

"እሺ፣ 'አይሆንም' እላለሁ።"

"በል እንግዲህ። ስልኬን ሰካልኝ።"

ላብ አጠመቀው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። መስታወቱን አየ፣ ጢሞን አየ። "ለአምስት ደቂቃ?" አለ።

እህቴ መጥረጊያዋን ይዛ በር ላይ ቆማ ስትስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። "ጢሞ ከሞተ ያቺ ልጅ አትመለስም" አልኩት። "እሷ ካልተመለሰች ሌሎቹም አይመለሱም። ሁሉም ማዶ ነው የሚሄደው። ይህ ማሞቂያ ትክክለኛው ማሞቂያ ነው፤ እኔ መርጬዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሚመረጥ ማሞቂያ የለም። የቀረው አንተ ነህ።"

"ገባኝ፣ ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "እሺ" አላለም። ይህን ልብ ብያለሁ።

ሰኞ ተዘግቶ ዋለ። ማክሰኞ ማንም ስልኩን አልሰጠም፤ ዝናብ ስለነበር የመጣው ሰውም ጥቂት ነው። ጢሞ ከወለሉ ተነሥቶ ወደ መስታወቱ ተጠጋ፤ ገና አልያዘም። ሾፌሩ ተመልሶ የመጣው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ምን እንደሚሆን ለማየት ጋዜጣዬን ከፍ አድርጌ ከላዩ ላይ ተመለከትኩ። በአግዳሚው ላይ ያቺው እናት ከነልጇ ተራ ትጠብቃለች፤ የልጅቱ ግማሽ ፀጉር እስካሁን አጥሮ፣ ግማሹ ረዝሞ አለ። ማዶ ሊወስዷት ሞክረው በሩ ላይ ጮኻ መልሳቸዋለች አሉ።

ሾፌሩ ተቀመጠ፣ አረፋው ተቀባ፣ እሺታ ምላጩን ስሎ አንድ ጉንጭ ጨረሰለት። ያን ጊዜ ሾፌሩ ከጨርቁ ሥር እጁን አውጥቶ ስልኩን ዘረጋ።

"እቺን ሰካልኝ እስቲ። ለአምስት ደቂቃ።"

እሺታ ምላጩን በአየር ላይ እንደያዘ ቆመ። ልቤ ቆመ ብል ውሸት አይሆንም፤ ስለ አንዲት ሶኬት ልብ ይቆማል ቢሉኝ አላምንም ነበር።

"እሺ" አለ።

ጋዜጣዬን ጨመደድኩት።

እሺታ ስልኩን ተቀበለ፣ ጎንበስ አለ፣ ነቀለ፣ ሰካ። ከመስታወቱ በላይ ያለው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ሱቁ ውስጥ የቀረው ከደመናማው መንገድ የሚገባው ጭላንጭል ብቻ ነው። በገንዳው ውስጥ ቀዩ መብራት ቁልጭ ብሎ በርቷል።

"ምንድነው? መብራት ሄደ?" አለ ሾፌሩ።

"አልሄደም። ላንተ ስልክ ሰጥቼዋለሁ" አለ እሺታ ምላጩን ወደ ጉሮሮው እያስጠጋ። "ቀና በል።"

"ቆይ፣ ቆይ! ይታይሃል?"

"እምብዛም።"

"ምን ማለት ነው እምብዛም! ጉሮሮዬ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ሦስት ቀዳዳ ነው ያለኝ፣ ወንድሜ። አንዱ የዓሣዎቹ ነው፣ እሱ አይነካም። አንዱ የቶንዶዙ ነው፤ ለልጅቱ ያስፈልገኛል። አንዱ የመብራቱ ነበር፤ ላንተ ሰጠሁ። ምረጥ እንግዲህ፤ ስልክህ ይሙላ ወይስ አንገትህ ይታየኝ? ያልከውን አደርጋለሁ።"

ሾፌሩ በአንድ ጉንጩ አረፋ፣ በሌላው ንጹሕ ቆዳ፣ በመስታወቱ ውስጥ ጥላውን ተመለከተ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምክር አልነበረውም። ከአግዳሚው ላይ ልጅቱ፣ "እናቴ፣ ሰውዬው ሊታረድ ነው?" አለች።

"ንቀለው!" አለ ሾፌሩ። "ንቀለው በቃ፣ ስልኬን አምጣ!"

"እሺ" አለ እሺታ።

መብራቱ በራ። ቀሪውን ጉንጭ ሲላጭ አንዲት ጭረት እንኳ አላወጣበትም። ልጅቱ ተራዋ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስትወጣ ጢሞ ከገንዳው መሃል ከፍታ ላይ በአፉ መስታወቱን ይዞ ነበር፤ ገርጥቷል፣ ግን ይዟል። ጣቷን በአፉ ትክክል መስታወቱ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቶንዶዙ ጮኸ። አልነቃነቃትም። እናትየዋ ወደ ማዶ አላየችም።

ያቺ የመብራት ነገር በሰፈሩ ተወራች፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ የሚያመጣ የለም፤ አንዳንዱ ሊያወጣ ኪሱ ይገባና መብራቱን ቀና ብሎ አይቶ ይመልሰዋል። ማሞቂያው ያው ሰባ አምስት ዋቱ ነው። ጢሞ ጠቁሯል፣ ወፍሯልም።

ሾፌሩም ማዶ አልተሻገረም። ትናንት አረፋው ተቀብቶ ገንዳውን ሲመረምር ቆየና፣ "እሺታ፣" አለ፣ "እነዚህ ዓሣዎች ጠቧቸዋል። ከዚህ እጥፍ የሚሆን ገንዳ ነው የሚያስፈልጋቸው።"

"እሺ" አለ እሺታ።

ኮፍያዬን አነሣሁና ወጣሁ።